የቤተሰብን ማኅደር ስካን አድርጎ በነጻ ለሕዝብ መልቀቅ፦ ችግርና መፍትሔ

ድረ ገጽ ላይ የወጣ ፎቶ ወይም ደብዳቤ ሲበላሽ ሰው መጀመሪያ የሚወቅሰው ድረ ገጹን ነው። ብዙውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የተሠራው ከዚያ በፊት ነው፤ ወይ ስካነሩ መስታወት ላይ፣ ወይ ፋይሉ ከስልክ ወደ ኮምፒውተር ሲሻገር፣ ወይ ስም ሲወጣለት። ስለዚህ አንድ ጉድለት ባዩ ቁጥር ዋናውን ፋይል ይክፈቱ። እዚያም ላይ ካለ ከስካን የመጣ ነው፤ ከሌለ ከዚያ በኋላ የተፈጠረ ነው። ይህ የሚሠራው ታዲያ ዋና ፋይል ካለ ነው። ከስካነር እንደወጣ ሳይቆረጥ፣ ሳይስተካከል፣ በቲፍ (የምስሉን ጥራት ሳይቀንስ በሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት) የተቀመጠ ቅጂ ማለታችን ነው። የሚቆረጠው፣ የሚጠራውና ወደ ጄፔግ ወይም ፒዲኤፍ የሚለወጠው ሁሌም ግልባጩ ነው።

ፎቶው ደብዛዛ ሆነ

የፒክስሉን ብዛት ይዩ። 10 በ15 ሴንቲሜትር የሆነ ፎቶ በስካነር በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ሲነሣ 3,543 በ2,362 ፒክስል ግድም ይሆናል፤ ባልተጨመቀ ቲፍ 25 ሜጋባይት ያህል ይይዛል። የእርስዎ ፋይል ረጅም ጎኑ ከ1,280 ፒክስል የማይበልጥ ከሆነ አንዱ ዘመድ በቴሌግራም ወይም በዋትሳፕ እንደ ፎቶ ልኮት ተጨምቆ ነው ብለው ይጠርጥሩ። እንዲህ ያለውን በሶፍትዌር «ማጥራት» ፎቶው ላይ ያልነበረ ዓይንና ጥርስ መፍጠር ስለሆነ ለማኅደር አይሆንም። ላኪው ዋናውን «እንደ ፋይል» አድርጎ ደግሞ ይላክ።

ፒክስሉ በቂ ሆኖ ከደበዘዘ ወረቀቱ መስታወቱን አልነካም ማለት ነው። ቀጫጭኖቹ ስካነሮች ሲአይኤስ የሚባል ሴንሰር ነው ያላቸው፤ ከመስታወቱ ጥቂት ሚሊሜትር ከፍ ያለውን አጥርተው አያዩም። የታጠፈ ደብዳቤ፣ የተጥመለመለ ፎቶ፣ የደብተር ስፌት የሚደበዝዘው ለዚህ ነው። ሲሲዲ የሚባለው ሌላ ዓይነት ሴንሰር ያለው ወፈር ያለ ስካነር ይሻላል። እሱ ከሌለ ክዳኑን በክንድ መጫን መፍትሔ አይደለም፤ የተጥመለመለ አሮጌ ፎቶ ሲጫኑት ምስሉን የያዘው የላይኛው ሽፋን ይሰነጣጠቃል። በካሜራ ከላይ ማንሣት ነው የሚያዋጣው።

የዲፒአይ ልክ፦ ለደብዳቤና ለሰነድ 400፣ ለተለመደ ፎቶ 600፣ ለጉርድ ፎቶና ከዚያ ላነሰ 1,200፣ ለ35 ሚሊሜትር ኔጋቲቭ ከ3,200 እስከ 4,000። የስካነሩ ካርቶን ላይ በትልቁ የሚጻፈውን ቁጥር አይመኑ፤ የሚቆጠረው የሌንሱ የራሱ የማየት አቅም ነው። ከዚያ በላይ ያለው ማሽኑ በግምት የሚሞላው ፒክስል ስለሆነ ፋይሉን ከማክበድ ሌላ ፋይዳ የለውም።

መስመር፣ ቀለበት፣ መረብ

በሁሉም ገጽ ላይ አንድ ቦታ እየተደገመ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄድ ቀጭን መስመር የአቧራ ሥራ ነው። ወረቀት እየሳበ በሚያስገባ ስካነር አቧራው ያለው ጠባቧ የመስታወት ክፍተት ላይ ነው፤ በጠፍጣፋው ደግሞ ስካነሩ ንባቡን ከሚጀምርበት ጠርዝ፣ ማሽኑ ነጭን በሚለካበት ቦታ ላይ። ብናኝ የማያራግፍ ጨርቅ በአይሶፕሮፒል አልኮል በጥቂቱ አርጥበው ይጥረጉ። አልኮሉን መስታወቱ ላይ አይርጩ፤ በጠርዙ ሰርጎ ከሥር ከገባ የሚወጣው ማሽኑ ተፈትቶ ነው። በነገራችን ላይ፣ አሮጌ ወረቀት በሚስብ ስካነር አይገባም። አንድ ጊዜ ከቀደደ መልሶ የሚያቀና የለም።

ቀስተ ደመና የመሰለ ቀለበት የሚታየው የሚያብረቀርቅ ፎቶ ወይም ኔጋቲቭ መስታወቱን ሙሉ በሙሉ ሳይሆን በከፊል ሲነካ ነው። ኔጋቲቭ ከሆነ ደብዛዛውን ፊት ወደ መስታወቱ አዙረው ያንሡና የምስሉን ግራና ቀኝ በሶፍትዌር ያቀያይሩ። ፎቶ ከሆነ ጠርዙ ላይ ስስ የካርቶን ፍሬም አድርገው ከመስታወቱ ትንሽ ከፍ ያድርጉት። ይህ ሁለተኛው በሲአይኤስ ስካነር ድብዝዝታ ያመጣል፤ ለሲሲዲ ብቻ ይሁን።

ከጋዜጣ የተቆረጠ ምስል መረብ የመሰለ ጥለት ካወጣ ምክንያቱ የማተሚያው ነጠብጣብና የስካነሩ ፒክስል መጋጨታቸው ነው። በ600 ዲፒአይ ያለ ምንም ማስተካከያ ያንሡት፤ ነጠብጣቡን የሚያለሰልሰውን ማጣሪያ ለግልባጩ ብቻ ተጠቅመው መጠኑን ይቀንሱ።

የማር እንጀራ የመሰለ ሸካራ ፊት ያላቸው የቀለም ፎቶዎች ደግሞ የራሳቸው ጣጣ አላቸው። እያንዳንዷ እብጠት የስካነሩን መብራት በአንድ ወገን ስለምታንጸባርቅ ፊት ሁሉ ነጭ ነጠብጣብ ይለብሳል። አንድ ጊዜ ያንሡ፣ ፎቶውን 180 ዲግሪ አዙረው ይድገሙ፣ ሁለቱን በሶፍትዌር አደራርበው በየነጥቡ ጠቆር ያለውን ይያዙ። የአሮጌ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ጥቁር ክፍል ሰማያዊ የብር ንጣት ካወጣ ግን ይህ አይበቃም። ብሩ ወደ ላይ ወጥቶ መስታወት ሆኗልና በካሜራ ማንሣት ይኖርብዎታል፤ ሁለት መብራት በ45 ዲግሪ ግራና ቀኝ፣ መብራቶቹ ላይ ፖላራይዘር (ነጸብራቅ የሚቀንስ) ሉህ፣ ሌንሱ ላይ ፖላራይዘር ማጣሪያ። የሌንሱን ማጣሪያ ቀስ እያሉ ሲያዞሩ ንጣቱ ጠፍቶ ከሥሩ ያለው ፊት ብቅ የሚልበት ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ ያቁሙ።

ጥቁርና ነጭ ኔጋቲቭ ላይ አቧራ የሚያጠፋውን የኢንፍራሬድ አማራጭ ያጥፉ። የፊልሙ ብር ኢንፍራሬድን ስለሚጋርድ ማሽኑ ምስሉን ራሱን አቧራ ብሎ ይፍቀዋል።

የጀርባው ጽሑፍ ወደ ፊት ይወጣል፣ የፊቱ ደግሞ አይነበብም

ስስ የአየር መልእክት ወረቀት በሁለት ፊቱ ሲጻፍበት ስካነሩ ሁለቱንም ያመጣል። ምክንያቱ ነጩ ክዳን ነው፤ ወረቀቱን አልፎ የሄደውን ብርሃን መልሶ ይልከዋል፣ ሲመለስም የጀርባውን ቀለም ጥላ ይዞ ይመጣል። ከወረቀቱ ጀርባ ድፍን ጥቁር ወረቀት ያድርጉ። ገጹ ትንሽ ይጠቁራል፣ ጽሑፉ ግን ይለያል፤ ጥቁረቱን ግልባጩ ላይ ያቃኑታል።

የደበዘዘ ቀለም ሲያጋጥም ጽሑፍ ነው ተብሎ በጥቁርና ነጭ መነሣት የለበትም። በቀለም ያንሡና በምስል ማረሚያ ሶፍትዌር ቀዩን፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን ንብርብር (ቻናል) ለየብቻ ይመልከቱ። ወደ ቡናማና ቢጫ ያጋደለ ቀለም ሰማያዊው ላይ፣ ወይን ጠጁ የኮፒ እርሳስ ደግሞ አረንጓዴው ላይ ጎልቶ ይወጣል። ለዓይን ባዶ የሚመስል መስመር እንዲህ ተነብቦ ያውቃል።

ፎቶው ከአልበሙ አልላቀቅ አለ፣ ሣጥኑ ሆምጣጤ ሸተተ

ማጣበቂያ ያለው አልበም ውስጥ የቆየን ፎቶ በጥፍር አይላጡ። ሰም የሌለው የጥርስ ክር ከሥሩ እንደ መጋዝ እየሳቡ ይሞክሩ፤ ክሩ ከያዘ ይተዉትና ገጹን እንዳለ ያንሡ። ከፍሬም መስታወት ጋር የተጣበቀውንም ከነመስታወቱ ያንሡት። አግራፍና የስቴፕለር ሽቦ ሲዝጉ ወረቀቱን ይዘው ይቀደዳሉ፤ መጀመሪያ ቀጭን ፕላስቲክ ከሥር ያስገቡና ጫፉን አቅንተው ያውጡ።

የሆምጣጤ ሽታ የአሴቴት ፊልም እየፈረሰ መሆኑን ይናገራል። የሚተፋው አሲድ የጎረቤቱንም ፊልም ስለሚያፋጥን የሸተተውን ለይተው ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ያኑሩ፤ የሥራው ተራ ሲወጣም መጀመሪያ እሱ ይነሣ። ፎቶው ነገ አለ፣ ይሄ ላይኖር ይችላል።

ፋይሎቹ ተደበላለቁ፣ ስማቸው ተበላሸ

ከ1 ቀጥሎ 10 ከመጣ ኮምፒውተሩ ስሙን ያነበበው እንደ ፊደል ነው፤ 001፣ 002 እያሉ በሦስት ወይም በአራት አኃዝ ይጻፉ። የደብዳቤው ጀርባ የየትኛው እንደሆነ ከጠፋ ደግሞ ስም የወጣው ከስካን በኋላ ነው። ቁጥሩ መጀመሪያ ወረቀቱ ጀርባ ጠርዝ ላይ በለስላሳ እርሳስ ይጻፍ (ፎቶ ላይ እስክሪብቶ በፍጹም አይነካም)፣ ፋይሉም ያንኑ ቁጥርና የፊት ወይም የኋላ ምልክት ይያዝ። ፖስታውም ገጽ ነው፤ ማኅተሙ ላይ ያለው ቀን ብዙ ጊዜ ደብዳቤው ውስጥ የለም።

በአማርኛ የተሰየሙ ፋይሎች በዚፕ ተጠቅልለው ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲፈቱ የጥያቄ ምልክት ክምር ሊሆኑ ይችላሉ፤ አሮጌ የዚፕ ፕሮግራሞች ዩኒኮድን (የየቋንቋውን ፊደል የሚይዘውን የኮምፒውተር ሥርዓት) አይጠብቁም። የፋይሉ ስም በላቲን ፊደልና በቁጥር ብቻ፣ ያለ ክፍተት ይሁን፤ አማርኛው ገላጭ መረጃው (ስለ ፋይሉ የሚሞላው መግለጫ) ውስጥ ይገባል።

ፎቶው ከላይ ጥሩ ሆኖ ከታች ግማሹ ግራጫ ከሆነ ፋይሉ ሲገለበጥ ተቋርጧል። ስካን እንዳበቃ ለእያንዳንዱ ፋይል ቼክሰም (ፋይሉ ከተለወጠ የሚለወጥ መለያ ኮድ) አውጥተው ዝርዝሩን ያስቀምጡ፤ በገለበጡ ቁጥር ያነጻጽሩ። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ፍላሽ ለማጓጓዣ እንጂ ለዓመታት ማስቀመጫ አይደለም።

ወጥቷል፣ ግን በፍለጋ አይገኝም

ኢንተርኔት አርካይቭ የተባለው የሰነድ ማከማቻ ድረ ገጽ ላይ የጫኑት የአማርኛ መጽሔት ጽሑፉ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ሆኖ ከወጣ የቋንቋውን መስክ ይዩ። ባዶ ከሆነ ወይም እንግሊዝኛ ካለ ፊደል ለቃሚው (ከምስል ላይ ጽሑፍ የሚያነበው ፕሮግራም) ግዕዙን በላቲን ለማንበብ ታግሏል ማለት ነው። አማርኛ ብለው ያርሙና እንደገና እንዲያነብ ያድርጉት። ቤት ውስጥ ቴሰራክት የተባለውን ፊደል ለቃሚ ከነአማርኛ የቋንቋ ፋይሉ መጠቀም ይቻላል። የተጣመመ ገጽ ያቅኑ፤ ከ300 ዲፒአይ በታች አይሞክሩ። የእጅ ጽሑፍ ላይ ግን ጊዜዎን አያባክኑ፤ ተቀምጦ መተየብ ይፈጥናል።

ጽሑፉ በትክክል ተተይቦም የማይገኝበት ሌላ ምክንያት አለ። «ሥላሴ» ብሎ የተጻፈውን «ስላሴ» ብሎ የሚፈልግ አያገኘውም። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ለብዙ ፍለጋ ማሽን የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ሰነዱን እንደተጻፈ ይተዉት፤ የሰውና የቦታ ስም ግን ገላጭ መረጃው ውስጥ በየአጻጻፉ፣ ከላቲን አቻው ጋር ይግባ። ለዚህ የሚጠፋ ሰዓት የሚያስቆጭ አይደለም።

በቀድሞ ኮምፒውተር ተተይቦ ዛሬ ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት ቅልቅል የሚሆን ሰነድ አልተበላሸም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩ ፎንቶች ግዕዙን የላቲን ፊደል ቦታ ላይ ይሥሉት ነበር። የተተየበበትን ፎንት አግኝተው ይጫኑ፣ ገጹን በፒዲኤፍ ያስቀምጡ፣ ከዚያ ወደ ዩኒኮድ ይቀይሩ።

ቀኑ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ከተዛነፈ ድረ ገጹ የኢትዮጵያን ዓመት እንደ ጎርጎርዮስ ወስዶታል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ይደምሩ፤ ሰነዱ ላይ ያለውንም ቀን መግለጫው ውስጥ ቃል በቃል ይተዉ። ታኅሣሥ 1953 የተጻፈ ደብዳቤ በአብዛኛው እ.ኤ.አ. በ1960 መጨረሻ፣ የወሩ ማብቂያ ከሆነ ግን በ1961 መጀመሪያ ይወድቃል።

ተጭኖ ሳለ ተሰረዘ

ዊኪሚዲያ ኮመንስ (የነጻ ምስሎች ማከማቻ ድረ ገጽ) ላይ የተጫነ የቤተሰብ ፎቶ የሚሰረዘው አብዛኛውን ጊዜ ጫኙ «የራሴ ሥራ» ብሎ ስለሞላ ነው። ወረቀቱ የእርስዎ መሆኑ የቅጂ መብቱን የእርስዎ አያደርገውም። የስቱዲዮ ፎቶ መብት የሚጀምረው ከአንሺው ነው፤ የደብዳቤም ከጻፈው እንጂ ከተቀበለው አይደለም። የበርን ስምምነት (ዓለም አቀፉ የቅጂ መብት ውል) ዝቅተኛ ዘመን ለጽሑፍ ከደራሲው ሞት በኋላ 50 ዓመት፣ ለፎቶግራፍ ከተነሣ 25 ዓመት ነው፤ ብዙ አገሮች ግን ከዚህ ያስረዝሙታል። ስለዚህ አንሺውና ዓመቱ መጀመሪያ ይጣራ፣ ወራሾቹ ሁሉ የተስማሙበት የጽሑፍ ፈቃድ ይኑር። ኮመንስ «ለንግድ አይውልም» ወይም «አይለወጥም» የሚል ገደብ ያለበትን ፈቃድ አይቀበልም። ቤተሰቡ ያንን ገደብ ከፈለገ ማኅደሩ ሌላ ቦታ ይቀመጥ፤ ተከራክሮ የሚለወጥ ነገር አይደለም።

መውጣት የሌለበት ወጣ

ፒዲኤፍ ላይ በጥቁር ሣጥን የተሸፈነ የመታወቂያ ቁጥር ከሥሩ ያለው ጽሑፍ አሁንም ተመርጦ ይቀዳል፤ ሣጥኑ የተደረበ እንጂ የፋቀ አይደለም። ገጹን ወደ ምስል ለውጠው፣ ምስሉ ላይ ሸፍነው፣ እንደ አዲስ ፒዲኤፍ ይሥሩ። ከዚያ ሁሉንም ምረጥ ብለው ሌላ ቦታ ለጥፈው ይፈትሹ። በስልክ የተነሣ ገጽ ቤቱ ያለበትን የጂፒኤስ ነጥብ ሊይዝ ይችላል፤ የተቆረጠ ጄፔግም አንዳንዴ ያልተቆረጠውን ትንሽ ናሙና በውስጡ ይዞ ይቆያል። ከመጫንዎ በፊት ሁለቱንም ከሕዝቡ ቅጂ ያጥፉ። በሕይወት ያለ ሰው የሕክምና ወረቀት፣ የባንክ ሒሳብ ወይም የፍቺ ጉዳይ ያለበት አቃፊ ለጊዜው መግለጫው ብቻ ይውጣ፤ የወረደን ፋይል መልሶ መሰብሰብ ስለማይቻል ያጠራጠረዎትን ሁሉ ባለጉዳዩ አይቶት እሺ እስኪል ያቆዩት።