መብራት ቢሄድም ሥራው የማይጠፋበት የአኒሜሽን ሬንደር

ጎንደር ላይ በቤት ኮምፒውተር አኒሜሽን የምትሠሩ ከሆነ፣ ከምነግራችሁ ሁሉ አንዱን ብቻ ያዙልኝ፦ ሬንደር ስታደርጉ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ትዕይንቱን አስልቶ ወደ ምስል ሲለውጥ፣ በቀጥታ ወደ ቪዲዮ አታውጡ። እያንዳንዱ ፍሬም፣ ማለትም የእንቅስቃሴው አንድ ነጠላ ምስል፣ ለብቻው በፒኤንጂ የምስል ፋይል ይውጣ። የኤምፒፎር ቪዲዮ ፋይል እየተጻፈ ሳለ መብራት ከሄደ ፋይሉ ሳይዘጋ ይቀራል፤ አብዛኛውን ጊዜም ጨርሶ አይከፈትም። ምስሎች ግን ያለቁት እንዳለቁ ናቸው። ማራኪ ሰፈር መብራት ሲሄድ ማንንም አያስጠነቅቅም።

የምጠቀመው ብሌንደር የተባለውን የአኒሜሽን ፕሮግራም ነው፤ ነፃ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን ያለ ኢንተርኔት ስለሚሠራም ጭምር። ሬንደር ከማስጀመራችሁ በፊት «ኦቨርራይት» (ባለው ፋይል ላይ ደርቦ መጻፍ) የሚለውን ምልክት አንሱና ሥራውን አስቀምጡ። መብራት ሲመለስ እንደገና ስታስጀምሩት ያለቁትን ፍሬሞች እየዘለለ ይቀጥላል። ግን መጀመሪያ የመጨረሻውን ምስል ክፈቱ፤ ግማሹ ብቻ ተጽፎ ከሆነ ሰርዙት፤ አለበለዚያ ያለቀ መስሎት ያልፈዋል።

ቀጥሎ ስሌት ነው። አሁን የያዝኩት የከተራ ሌሊት ትዕይንት ነው፤ በፋሲል መዋኛ ውኃ ላይ የጧፍ ብርሃን ይንቀጠቀጣል። ሃያ ሰከንድ በየሰከንዱ 24 ፍሬም ሲባዛ 480 ምስል ይሆናል። አንዱ ሦስት ደቂቃ ከፈጀ ሙሉ 24 ሰዓት ማለት ነው። ስለዚህ ቀላሉን ሳይሆን ከባዱን ፍሬም ለኩ፤ እዚህ ላይ ውኃውና ጧፉ አብረው የሚታዩበትን።

ሳይክልስ፣ ማለትም ብርሃንን በዝርዝር የሚያሰላው የብሌንደር ሬንደር ማድረጊያ፣ ሲከፈት ሳምፕሉ (ለእያንዳንዱ ነጥብ ብርሃኑን የሚያሰላበት ብዛት) 4096 ላይ ነው፤ እኔ 256 አድርጌ ዲኖይዝ (የምስሉን ብናኝ ማጥሪያ) አበራለሁ። ኮስቲክስን (በውኃና በመስታወት የሚሰበሰበውን ብርሃን ስሌት) አጠፋለሁ፣ የትዕይንቱን መረጃ ከፍሬም ወደ ፍሬም በማስታወሻ የሚያቆየውን «ፐርሲስተንት ዳታ»ን አበራለሁ። ዲኖይዝ ሲበዛ ግን የቤተ መንግሥቱ ድንጋይ ትናንት በኖራ የተለሰነ ግድግዳ ይመስላል። ደግሞም ነጠላ ምስል አይታችሁ አትርኩ፤ ጥቂት ተከታታይ ፍሬሞች አውጥታችሁ አጫውቷቸው። የሚብለጨለጨው ጉድለት የሚታየው በእንቅስቃሴ ውስጥ ብቻ ነው። በቀን ብርሃን ለሚታይ ግንብ ኢቪ የተባለው ፈጣኑ የብሌንደር ሬንደር ማድረጊያ ይበቃል፤ ሳይክልስን ለእርሱ ማድከም ብክነት ነው።

ማቀናበሩ ቀላል ነው። ምስሎቹን በብሌንደር የቪዲዮ ማቀናበሪያ ላይ ደርድሩ፣ ድምፁን ከበታቻቸው አስገቡ፣ በኤች 264 የቪዲዮ መጭመቂያ አውጡ። ኤፍኤፍምፔግ በተባለው በትዕዛዝ በሚሠራ የቪዲዮ ፕሮግራም የምትሠሩ ግን የፍሬሙን ፍጥነት ራሳችሁ ጻፉ፤ ካልነገራችሁት 25 አድርጎ ይወስደዋል። በ24 የተሠራ የአንድ ደቂቃ ሥራ በ2.4 ሰከንድ ያጥራል፤ ከበሮውም ከመቺው እጅ ይለያያል። ፒኤንጂዎቹን ደንበኛው አይቶ እስኪቀበል አታጥፉ፤ «ይህችን ቦታ ብቻ» ማለቱ አይቀርም።