የተነፋ ፊኛ ይዛችሁ ጣርማበርን አትሻገሩ

ከደብረ ብርሃን ሸዋሮቢት ወርዳችሁ ልደትና ምርቃት የምታስጌጡ፣ ፊኛውን ድግሱ ቦታ ደርሳችሁ ንፉት። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ መንገዱ ላይ ያለው የጣርማበር አቀበት ከ3,000 ያልፋል፣ ሸዋሮቢት ደግሞ 1,300 አካባቢ። አቀበቱ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ፊኛው ያብጣል፤ ጢም ብሎ የተነፋው እዚያው መኪና ውስጥ ሊፈነዳ ይችላል። የተረፈው ቆላ ሲወርድ ይሟሽሽና በፊኛ የምትሠሩት ቅስት (ደጋን) መሃል ለመሃል ይሳሳል። ብርማው የቁጥር ፊኛ ስለማይለጠጥ መጋጠሚያው ላይ ሊተረተር ይችላል፤ እሱን ጨርሶ ባዶውን ጫኑት።

ደብረ ብርሃን ላይ ጣጣው ብርዱ ነው። በማለዳ ብርድ የተነፋ ፊኛ ድንኳኑን ፀሐይ ሲመታው ያብጣል። ስለዚህ 30 ሴንቲ ሜትር የሚባለውን 25 ላይ አቁሙት። ካርቶን ላይ የ25 ሴንቲ ሜትር ክብ ቀዳዳ ቅደዱና ፊኛውን እያሳለፋችሁ ለኩ፤ ጠርዙን እየነካ ካለፈ እሰሩት፣ ከጠበበው ትንሽ አስተንፍሱት። ልኩ እኩል ሲሆን ቅስቱም ያምራል። የበረደ ላስቲክ ድርቅ ስለሚል እሽጉን ከመንፋታችሁ በፊት ሞቅ ያለ ክፍል አሳድሩት።

ዋጋ ስትነግሩ በ100 ፊኛ 10 መጠባበቂያ ደምሩ፤ ቀብድ ሳትቀበሉ ግን ዕቃ አትግዙ።