አኒሜ ስናይ ሳናስበው የምንሠራቸው ስህተቶች

ናሩቶ የተባለውን አኒሜ (የጃፓን ካርቱን ፊልም) ከመጀመሪያው እስከ ተከታዩ ሺፑደን መጨረሻ ያየ ሰው 720 ክፍል ጨርሷል። አንዱን ክፍል 20 ደቂቃ ብንለው 240 ሰዓት ነው። ከአንድ ሰው ጋር ይህን ያህል ብትውሉ ጠባዩ ይጋባባችኋል። "ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ መጣች" ይባል የለ? አኒሜ ተዉ አልልም፤ እኔም ወዳጁ ነኝ። እነዚህ ራሴ የሠራኋቸው ስህተቶች ናቸው።

"ካርቱን ነው" ብሎ መናቅ

እናቴ እስካሁን እንዲህ ነው የምትለው። እኔም እል ነበር። የልጅ ነገር ነው ብለን የናቅነውን ግን አንጠይቀውም። ዜና ስንሰማ "እውነት ነው እንዴ?" እንላለን። አኒሜውን ዝም ብለን እንውጠዋለን።

ዋናውን ገጸ ባሕርይ ትክክል ማድረግ

(ዴዝ ኖት የተባለውን አኒሜ ያላያችሁ ታሪኩን ስለምናገር ይህን ዝለሉት።) ዋናው ገጸ ባሕርይ ላይት ያጋሚ ጎበዝ ተማሪ ነው። ስሙ የተጻፈበት ሰው የሚሞትበት ደብተር ያገኛል። መጀመሪያ የሚገድለው ወንጀለኛ ነው፤ "ይበለው" እንላለን። ቀጥሎ እሱን ሊመረምሩ የመጡ 12 የኤፍቢአይ ሰዎች ይሞታሉ። ከዚያ የአንደኛው እጮኛ ፍንጭ ይዛ ትመጣለች፤ እሷንም ያጠፋታል። እኔ በዚያ ሰዓት ትራስ አቅፌ "እንዳትነቃበት!" እያልኩ ነበር። ለእሱ ነበር የምሰጋው! ለምን? ታሪኩ ከእሱ አጠገብ ተቀምጦ ስለሚተረክ ነው። የእሱን ሐሳብ ከማንም በላይ እንሰማለን።

ከወራት በኋላ ሰፈራችን ሌባ ተይዞ ሲደበደብ አፌ ላይ የመጣው ያው "ይበለው" ነበር። ደነገጥኩ። አሁን እንዲህ ያለ ታሪክ ሳይ አንድ ቦታ ላይ አቁሜ ነገሩን ከሟቿ ወገን ለራሴ እተርከዋለሁ።

"ከጣርክ ታሸንፋለህ" የሚለውን እንደ ሕግ መያዝ

ከ1968 ጀምሮ የሚታተመው ሾነን ጃምፕ የተባለው የጃፓን የኮሚክ መጽሔት በሦስት ቃላት ይታወቃል፤ ጓደኝነት፣ ጥረት፣ ድል። ናሩቶም መጀመሪያ በኮሚክ መልክ የወጣው እዚያ ነው። ፈተና የወደቀ ልጅ ታግሎ ትልቅ ሰው ይሆናል። ደስ ይላል። ግን አባቱ አራተኛው ሆካጌ (የመንደሩ መሪ) ነበር፤ ሆዱ ውስጥ ደግሞ ባለ ዘጠኝ ጭራ ቀበሮ አለ። ጥረት ብቻ ያለው ሮክ ሊ የሚባለው ሌላው ልጅ ነው። እሱ ጋራ ከሚባል ተፋላሚ ጋር ተጋጥሞ እጅና እግሩ ተሰባበረ።

እኔ ሂሳብ ስወድቅ "አልጣርኩም ማለት ነው" ብዬ ሌሊቱን ሙሉ ማንበብ ጀመርኩ። ጭራሽ ባሰብኝ። የቸገረኝ እንቅልፍና የሚያስረዳኝ ሰው ነበር።

"አንድ ክፍል ብቻ"

ይህንን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ክፍሉ ልብ ሰቅሎ ነው የሚያልቀው። መሃል ላይ ማቋረጥ ይቀላል፤ ሞክሩት።

ዝምታን ጀግንነት ማድረግ

ናሩቶ ላይ ያለውን ዝምተኛውን ሳስኬን ያየ ጎረምሳ ሁሉ አንድ ሰሞን ጥግ ላይ ቆሞ ያውቃል። እኔም ቆሜያለሁ። እህቴ "ምን ሆነሃል?" ስትለኝ "ምንም" ብዬ መስኮቱን አይ ነበር። አኒሜ ላይ ዝምተኛው የሚያስበው በድምፅ ይሰማል፤ ተመልካች ያዝንለታል። እኛ ቤት ግን የተሰማ ነገር የለም። እህቴ "አኩርፏል" ብላ ምሳዬን ለወንድሜ ሰጠችው።