ልጆች ቤት በሞሉበት ክረምት ሹራብ ጀምሮ መጨረስ እንዴት ይቻላል

ጎጃም ውስጥ ሹራብ በጣም የሚያስፈልገው ጊዜና ሹራብ ለመስራት በጣም የማይመቸው ጊዜ አንድ ነው፣ ክረምት። ትምህርት ቤት ሰኔ መጨረሻ አካባቢ ሲዘጋ ልጆቹ ሁሉ እቤት ናቸው፣ የእህት የወንድም ልጅ ከባህር ዳር ከአዲስ አበባ ይመጣል፣ ሐምሌ ከገባ ዝናቡ ስለማይለቅ ደጅ ውጡ ተጫወቱ አይባል ነገር ጭቃ ነው፣ ገጠር ቤተሰብ ያለው ደግሞ እርሻውና አረሙ አለ፣ ነሐሴ 1 ፍልሰታ ይገባል። ብርዱ ግን አይጠብቅም፣ ደብረ ማርቆስና እንጅባራ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ጮቄ ስር ያላችሁማ ምን እነግራችኋለሁ።

ብዙ ሰው "ትንሽ ጊዜ ላግኝና እጀምራለሁ" ይላል። ክረምት ላይ ያ ጊዜ አይመጣም። የሚያዋጣው በየመሃሉ ቢቋረጥም የማይበላሽ ስራ መርጦ ለእያንዳንዱ ሰዓት የሚሆነውን መስጠት ነው፣ እኔ በዚህ አምናለሁ፣ ከዚህ በታች ያለውም ሁሉ እሱ እንዴት እንደሚደረግ ነው።

1. ከመስከረም ወደ ኋላ ቁጠሩ

ልጆቹ ትምህርት ሲጀምሩ ሹራቡ ያስፈልጋል፣ ስለዚህ ማለቂያው ጳጉሜ ነው በሉ። ከዛ ለማን ምን እንደሚሰራ ወስኑና ሁለት ስራ ብቻ ያዙ፣ አንድ ትልቅ እቤት የሚቀመጥ (የልጅ ሹራብ) እና አንድ ትንሽ በቦርሳ የሚዞር (ኮፍያ፣ ካልሲ፣ የአንገት ልብስ)። ለሶስት ልጅ ሶስት ሹራብ ባንዴ መጀመር ሶስት ግማሽ ሹራብ ነው የሚያስቀረው።

ክሩን ባንዴ ግዙ። ከ4 እስከ 6 አመት ላለ ልጅ ሹራብ ከ200 እስከ 300 ግራም ይበቃል፣ ለልጅ ኮፍያ 50 ግራም አካባቢ። ድውሩ ላይ በተጠቀለለው ወረቀት የቀለም ቁጥርና ባንድ ጊዜ የተነከረበት (Lot) ቁጥር አለ፣ ሁለቱም ሁሉም ድውር ላይ ያው መሆናቸውን እዩ፣ ምክንያቱም "ያው ሰማያዊ ነው" ተብሎ በኋላ የሚገዛው አብሮ ሲሰራ መስመር ሰርቶ ይታያል። ዩኒፎርም ሹራብ ከሆነ መጀመሪያ ትምህርት ቤቱን ስለ ቀለሙ ጠይቁ። ለክረምት እኔ አክሪሊክ (ሰው ሰራሽ ክር) ነው የምመርጠው፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ጸሀይ በሌለበት ወር ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ሱፍ ይሞቃል ግን በሙቅ ውሀ ከታጠበና ከታሸ ይጠብና ይጠነክራል። አክሪሊክ ደግሞ እሳት አይወድም፣ ይቀልጣል፣ ስለዚህ ምድጃና ከሰል አጠገብ አትስሩበት።

2. ናሙና ስሩ፣ ይሄን አትዝለሉ

በምትሰሩበት ክርና መርፌ ከ10 በ10 ሴንቲሜትር ትንሽ ሰፋ ያለ ቁራጭ ስሩና መሀሉን በማስመሪያ ለኩ፣ በ10 ሴንቲሜትር ስንት ቀለበት (መርፌው ላይ የምትያዘው አንዷ የክር ዙር) እንዳለ ቁጠሩ። 20 ሆነ እንበል። የልጁ ደረት ዙሪያ 60 ከሆነ ልብሱ እንዲለቀው 6 ሴንቲሜትር ጨምሩበት፣ 66 ይሆናል፣ የፊቱ ክፍል ግማሹ ነውና 33 ሴንቲሜትር፣ በሴንቲሜትር 2 ቀለበት ስለሆነ 66 ቀለበት፣ ለስፌት ከግራና ከቀኝ አንዳንድ ስትጨምሩ 68። ለኮፍያ ግን ተቃራኒው ነው፣ ስለሚለጠጥ ከጭንቅላቱ ዙሪያ 5 ሴንቲሜትር ያህል ቀንሱ፣ 50 ለሆነ ጭንቅላት 45፣ ማለትም 90 ቀለበት። የሰው እጅ ይለያያል፣ አንዱ ያጠብቃል አንዱ ያላላል፣ ስለዚህ የጎረቤት ቁጥር ለእናንተ አይሰራም። እጅጌውን 3 ሴንቲሜትር አስረዝሙና እጥፍ አድርጉት፣ ልጅ በአመት ውስጥ ያድጋል፣ በሚቀጥለው ክረምት ትፈቱታላችሁ።

3. ስራውን ለሰዓቱ ስጡ

ቡና ሲፈላ፣ ሰው ሲመጣ፣ ልጅ "እማዬ እማዬ" ሲል የሚሰራው ሳይቆጠር የሚሄደው ነው፣ የጀርባው ቀጥ ያለ ክፍል፣ ኮፍያ፣ ምናምን። እናቶቻችን እያወሩ እንዝርት የሚያሾሩት እጃቸው ስለለመደው ነው፣ ሹራብም እንዲሁ አይን የማይፈልግ ክፍል አለው። አንገቱና ብብቱ ግን የሚቀነስበት ቦታ ስለሆነ ሀሳብ ይፈልጋል፣ እሱን ልጆቹ ሳይነሱ ጠዋት ወይም ከተኙ በኋላ ስሩት። ግን ማታ መብራት የሚጠፋበት ወቅት ነው፣ በሻማ ጥቁርና ጠቆር ያለ ሰማያዊ ክር አይታይም፣ ቀለበቱ እያመለጠ አይናችሁን ታደክማላችሁ፣ ማታ የሚያዝ ስራ ነጣ ያለ ቀለም ይሁን። እሁድና በዓል ቀን መርፌ የማይነካበት ቤት ከሆነ እነዛን ቀኖች ከመጀመሪያው ከሂሳብ አውጧቸው። አውቶቡስ ላይ ትንሿን ስራ ያዙ፣ መንገዱ ሲጠማዘዝ ግን፣ በተለይ ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ሲወረድ፣ መርፌውን አስገቡት፣ የሾለ ነገር ነው፣ አጠገባችሁ የተቀመጠ ህፃን ሊኖር ይችላል።

4. መቋረጡን ቀድማችሁ ተዘጋጁበት

ዋናው ይሄ ነው። ህፃን አለቀሰ፣ ወጥ አረረ፣ በር ተንኳኳ፣ ስራው ይጣላል። ከቻላችሁ የጀመራችሁትን ረድፍ ጨርሱና ተነሱ፣ መሀል ላይ የቀረ ቀለበት ይላላል ይወርዳልም፣ ስትመለሱም በየት በኩል ትሄዱ እንደነበር ይጠፋችኋል። ካልቻላችሁ ሁለቱን የመርፌ ጫፎች አንድ ላይ አድርጋችሁ በብር ላስቲክ ጠምጥሟቸው፣ ምንም አይወርድም።

ትናንሽ ልጆች ላሉበት ቤት ደግሞ አንድ ነገር ልለምናችሁ፣ የማዳኛ ክር አስገቡ። ቀለሙ የተለየ ቀጭን የልብስ ስፌት ክር በስፌት መርፌ ሰክታችሁ ልክ የጨረሳችሁት ረድፍ ላይ በሁሉም ቀለበት ውስጥ አሳልፉና ተዉት፣ ስራችሁን ቀጥሉ። በየ10 ረድፉ እንዲህ አድርጉ፣ አዲስ ስታስገቡ የድሮውን ትስቡታላችሁ። ልጅ መርፌውን መዝዞ ቢያወጣውና ቢተረተር መተርተሩ እዛ ክር ላይ ይቆማል፣ ቀለበቶቹን ተመልሳችሁ በመርፌው ትለቅማላችሁ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም፣ የሳምንት ስራ ያድናል።

ረድፍ ለመቁጠር የበቆሎ ፍሬ በቂ ነው፣ አንድ ረድፍ ባለቀ ቁጥር አንድ ፍሬ ከአንዱ ስኒ ወደ ሌላው (አራት አመት ያልሞላው ልጅ ካለ ግን ተዉት፣ ሊያንቀው ይችላል፣ ወረቀት ላይ ጭረት ይሻላል)። ድውሩን ክዳኑ በተበሳ የፕላስቲክ እቃ ውስጥ ከትታችሁ ጫፉን በቀዳዳው አውጡ፣ ጭቃ ላይ አይንከባለልም። እርጥብ እጅ የነካውን ስራ ፌስታል ውስጥ አስራችሁ አታስቀምጡ፣ በክረምት ይሻግታል፣ የጨርቅ ከረጢት ይሻላል።

5. ልጆቹን አስገቧቸው

ትንንሾቹ ክር ይጠቅልሉ፣ ያዙልኝ በሏቸው። አምስት ስድስት አመት የሆነው በጣቶቹ ብቻ ረጅም ገመድ መስራት ይችላል፣ ሰባት ስምንት የሞላው ወንድም ሴትም ሳይባል በወፍራም መርፌ ተራውን አሰራር ይለምዳል። ለየራሳቸው የተረፈ ክር ስጧቸው፣ የእናንተን ስራ ይተዉላችኋል። ታላቅየው ወይም ታላቅቱ ወጡን ስትጠብቅ እናት አራት ረድፍ ትሰራለች፣ አባትም ቡና ቢያፈላ ምንም አይሆንም፣ ሹራቡ የሚሰራው ለሁሉም ልጆች ነው።

6. ቡሄ ላይ ቆም ብላችሁ እዩ

"ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት" ይባላል አይደል፣ ነሐሴ 13 ልጆቹ ሆያ ሆዬ ብለው ሙልሙላቸውን ይዘው ሲመለሱ ስራችሁን አውጥታችሁ ዘርጉት። እስከ እንቁጣጣሽ ከሶስት ሳምንት ትንሽ የሚበልጥ ጊዜ ነው የቀረው። ፊትና ጀርባው ካለቀ እጅጌው ይደርሳል፣ ቀጥሉ። ጀርባው ብቻ ከሆነ ያለቀው፣ እጅጌውን ተዉት፣ ብብቱ ዙሪያ ጠርዝ ሰርታችሁ እጅጌ የሌለው ሹራብ አድርጉት። ሸሚዝ ላይ ተደርቦ ደረት ያሞቃል፣ ልጅም ሲጫወት እጁን አይዘውም። የቀረውን ክር አስቀምጡት፣ ጥቅምት ላይ እጅጌ መቀጠል ይቻላል።

7. አጠባው

የክር ጫፎቹን በስፌት መርፌ ወደ ውስጥ ደብቁ፣ ጎኖቹን ስፉ፣ ከዛ ለብ ባለ ውሀና ለስላሳ ሳሙና እጠቡ። አትጠምዝዙት። በፎጣ ጠቅልላችሁ ተጫኑት፣ ውሀው ፎጣው ውስጥ ይገባል። ገመድ ላይ አታስጡት፣ እርጥብ ሹራብ በራሱ ክብደት ይረዝማል፣ ትከሻው ላይም የገመዱ ምልክት ይቀራል። ሰፊ ንፁህ ጨርቅ ላይ ቅርጹን አስተካክላችሁ አጋድሙት፣ ጭስ ከሌለበት ክፍል፣ በቀን አንዴ ገልብጡት። ነሐሴ ላይ ሁለት ሶስት ቀን ሊፈጅ ስለሚችል ለትምህርት መጀመሪያ ዋዜማ አታድርሱት።