የእናትነትን የማይታይ ድካም ለእይታ ማብቃት

ሐረር ላይ ስለ እናትነት ድካም የሥነ ጥበብ ሥራ ለመሥራት የሚያስብ ሰው፣ ከሸራና ከቀለም በፊት ደብተር ይያዝ፤ ፈቃደኛ የሆነች አንዲት እናት የምትሠራውን ሁሉ፣ ሌሊት ለማጥባት የተነሣችበትን ሰዓት ሳይቀር፣ ለ7 ቀናት ይመዝግብ። አሜሪካዊቷ የሥነ ጥበብ ባለሙያ ሚየርል ላደርማን ዩከለስ እናት ከሆነች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1969፣ የጽዳትና የእንክብካቤ ሥራ ራሱ ሥነ ጥበብ ነው ብላ አውጃለች፤ በ1973ም የአንድ ሙዚየም ደረጃ በእጇ አጥባለች። ሌላዋ የሥነ ጥበብ ባለሙያ ሜሪ ኬሊ ደግሞ የልጇን የቆሸሸ የሽንት ጨርቅ ገበር በ1976 ለንደን ላይ ስታሳይ ጋዜጦች ተንጫጭተውባታል።

ቀጥሎ ዕቃ ይመረጣል፤ አዲስ መግዛት ግን ሥራውን ይገድለዋል። ከእጥበት ብዛት ቀለሙ የለቀቀ ማዘያ፣ ትከሻው ላይ ወተት የደረቀበት ነጠላ ይበቃል።

የሐረሪ ቤት ግድግዳ በሴቶች እጅ በተሰፉ ስፌቶች የተሞላ ስለሆነ፣ ጥቂቱን አውርዶ በባዶው ቦታ ማዘያውን መስቀል፣ ደብተሩንም ተመልካች ተቀምጦ እንዲያነበው ነደባው (በቤቱ ውስጥ ያለው ከፍ ያለ መደብ) ላይ ማኖር ይሻላል። (ስፌቱን የማያደንቅ እንግዳ የለም፤ የሰፋችው እጅ በዚያው ቀን ስንት ጨርቅ እንዳጠበች የጠየቀ ግን አላጋጠመኝም።) የሕፃኑ ፊት አይታይ፤ እናቲቱም ለተመዘገበው ሰዓት ሁሉ ይከፈላት።