ምሳን ከቤት ይዞ ለመውጣት

በየቀኑ ምሳ ከምግብ ቤት ለሚገዛ ሠራተኛ ወጪን ለመቀነስ የሚበጀው መንገድ ለምሳ ብሎ ለብቻ ማብሰል ሳይሆን፣ የእራቱን ወጥ በአንድ ጭልፋ ያህል አብዝቶ ሠርቶ የነገውን ድርሻ ማዕድ ከመቅረቡ በፊት መቀነስ ነው። ከማዕድ የተረፈ ወጥ ብዙ እጅ የነካው በመሆኑ ቶሎ ይበላሻል፤ በንጹሕ ጭልፋ ቀድሞ የተቀነሰው ግን ከምድጃ ከወረደ በኋላ 2 ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ማቀዝቀዣ ከገባ እስከ ማግስቱ በደህና ይቆያል። እንጀራውንና ወጡን በአንድ ዕቃ መያዝ ፈጽሞ አልመክርም፤ እንጀራው ወጡን መጥጦ ስለሚላላ ብዙ ጊዜ ሳይበላ ይደፋል፤ ይህም በዛሬው የጤፍ ዋጋ የሚያሳዝን ብክነት ነው። ወጡ ክዳኑ በሚገጥም ምሳ ዕቃ፣ እንጀራው ደግሞ ተጠቅልሎ በንጹሕ ጨርቅ ቢያዝ ፌስታልም አያስፈልግም። በመሥሪያ ቤቱ ማቀዝቀዣና ማሞቂያ የሌለው ሰው አፈ ሰፊ ፔርሙስን በፈላ ውኃ ካለቀለቀ በኋላ፣ ማለዳ እስኪንተከተክ የሞቀውን ምስር ወይም ሽሮ ወዲያው ሞልቶ መክደንና እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ አለመክፈት ይኖርበታል።