ሽቅብ በተወረወረ ኳስ ላይ ኃይሎችን እንዴት እንሳል?

ኳስ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ ወረወራችሁ እንበል። እየወጣ ሳለ ምን ምን ኃይል አለበት? ብዙ ሰው ወዲያው ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት ይስልና "የወረወርኩበት ኃይል" ብሎ ይጽፍበታል። እሱን ቀስት አጥፉት፣ የለም።

ኳሱን እንደ ነጥብ ሳሉት። ከዚያ እያንዳንዱን ቀስት ከመሳላችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ ይሄን ኃይል አሁን የሚያሳርፍበት ማን ነው? ስሙን መጥራት ካቃታችሁ ቀስቱን አትሳሉ።

ከእጅ እንጀምር። ኳሱን መዳፋችሁ ላይ አድርጋችሁ ዝም ብላችሁ ያዙት፤ መሬት ወደ ታች ትስበዋለች፣ እጃችሁ በዚያው ልክ ወደ ላይ ይደግፈዋል፣ ሁለቱ ቀስቶች እኩል ናቸው። አሁን ወርውሩት። እጃችሁ ወደ ላይ ሲፈናጠር ኳሱ መዳፋችሁን ጫን ሲለው ይሰማችኋል አይደል? በዚያች ቅጽበት የእጅ ቀስት ከስበቱ ይረዝማል፣ ኳሱም የሚፈጥነው ለዚህ ነው። ከጣታችሁ ጫፍ ሲለቅ ግን የእጅ ቀስት እዚያው ያበቃል። ኳሱ ይዞት የሚሄደው ፍጥነቱን እንጂ ኃይሉን አይደለም፤ ይቺን ልዩነት የያዘ ሰው ቀሪው አያስቸግረውም።

በቁጥር እንየው፣ አየሩን ለጊዜው ትተን። ግማሽ ኪሎ የሚመዝን ኳስ በሰከንድ 9.8 ሜትር ፍጥነት ከእጅ ወጣ። ከ0.5 ሰከንድ በኋላ ፍጥነቱ 4.9 ይሆናል፣ ገና እየወጣ ነው። 1 ሰከንድ ላይ 4.9 ሜትር ከፍታ ደርሶ ፍጥነቱ ዜሮ ይሆናል። 1.5 ሰከንድ ላይ በ4.9 ፍጥነት እየወረደ ነው። ሦስቱንም ሳሉ፦ ሦስቱም ላይ ያለው አንድ ቀስት ብቻ ነው፣ ወደ ታች፣ 4.9 ኒውተን (ኒውተን የኃይል መለኪያ ነው)፣ ርዝመቱም አይለወጥም።

ጫፍ ላይ ያለው ሥዕል ብዙ ሰው ያሳስታል። "ቆሟል፣ ስለዚህ ኃይል የለበትም" ይባላል። እስቲ አስቡት፣ ኃይል ባይኖርበት ኖሮ እኮ እዚያው ተንጠልጥሎ ይቀር ነበር! ፍጥነቱ ለቅጽበት ዜሮ ቢሆንም አክስለሬሽኑ፣ ማለትም ፍጥነቱ በየሰከንዱ የሚለወጥበት መጠን፣ 9.8 እንደሆነ ነው፣ አቅጣጫው ወደ ታች።

አየሩንስ? አየር ሁልጊዜ ከእንቅስቃሴው በተቃራኒ ነው የሚገፋው። ሲወጣ ቀስቱ ወደ ታች ነው፣ ስበትን ያግዛል፤ ሲወርድ ወደ ላይ ይዞራል፣ ስበትን ይቃወማል። ለዚህ ነው በአየር ውስጥ የመውረጃው ጊዜ ከመውጫው ትንሽ የሚረዝመው፣ ኳሱም እጃችሁ ላይ የሚያርፈው ከተወረወረበት ባነሰ ፍጥነት የሆነው። ጥያቄው "የአየር ግጭትን ተዉት" ካላችሁ ይሄን ቀስት አትሳሉት።